ጫማውን ያወለቀው ሌባ

«ልጅሽ ሐሙስ ከሰዓት የት ነበር?»

መርማሪዋ ይህን ስትጠይቀኝ በሚስ ዊላ ሳሎን ቆሜ የመድኃኒት ብርጭቆ እያደረቅኩ ነበር። ማድረቁን አላቆምኩም። «ሥራ ላይ» ማለት እችል ነበር፤ እሱም ለእኔ ያለኝ እንደዚያ ነው። አፌ ግን አልታዘዘኝም። ማታ ከእኔው ቤት የሚያድር የራሴ ልጅ ቀን የት እንደዋለ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሆነው በረዶ አትላንታን ድንገት ይዞ ሰዉን በየመኪናው ባሳደረበት ዓመት ነው። በረዶው ካለፈ በኋላ፣ ዝናብ በማያባራበት በመጋቢት። እኔ ደንዉዲ ውስጥ፣ ከቻታሁቺ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አሮጌ ቤት፣ ሚስ ዊላ ክረንሾ የሚባሉ አሜሪካዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አይለይም። ጆሯቸው ግን ማንኪያ ከጠረጴዛ ሳይወድቅ በፊት የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

ከሳሎኑ መደርደሪያ ላይ አንድ የጥድ ሣጥን ነበራቸው። ውስጡ ወንዙ ዳር መጀመሪያ የሰፈሩት የቅድመ አያቶቻቸው ወረቀቶች አሉ፤ የመሬት ካርታ፣ የጋብቻ ውል፣ የሞቱ ሕፃናት ስም የተጻፈበት የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ። ከሁሉም በላይ ግን የሎተሪው ወረቀት። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ለቤተሰባቸው የደረሳቸው በሎተሪ ነው። መንግሥት የቸሮኪ ሰዎችን መሬት ሸንሽኖ ዕጣ አወጣበት፤ ባለቤቶቹን ኋላ በወታደር አስለቀቃቸው።

«እኔም በሎተሪ ነው የመጣሁት» አልኳቸው አንድ ቀን። ስለ ዲቪ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ።

«ያንቺ ዕጣ ሲወጣ ማንም ከቤቱ አልተነቀለም» አሉኝ። «እኔ አንዳንዴ ያንን ወረቀት ስዳስሰው ጣቴ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም መጥፋት የለበትም። ሰው ያንብበው።»

ለዚህም ብለው ሣጥኑን ለቤተ መጻሕፍት ሊሰጡ ወሰኑ። ሊረከቡ የሚመጡት ሰኞ ነበር። ሣጥኑ የጠፋው ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እኔ ቻምብሊ ሄጄ እንግሊዝኛ ማንበብ እማራለሁ። ያስመዘገቡኝ ራሳቸው ሚስ ዊላ ናቸው። «እኔ ዓይን የለኝ፣ አንቺ ፊደል የለሽ፤ ፖስታ ሲመጣ ለድመቷ ልንሰጣት ነው?» ብለው። እኔ ስሄድ የወንድማቸው ልጅ ሚስተር ክሌይ መጥቶ አብሯቸው ይቀመጣል። የዚያን ቀን ስመለስ ሚስተር ክሌይ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ፖሊስ እያነጋገረ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ አቧራ የለበትም።

*

በማግሥቱ የመጣችው መርማሪ ወጣት ናት። ቀበቶዋ ላይ ባጅ፣ እግሯ ላይ የዝናብ ቦት። የሰጠችኝን ካርድ ፊደል በፊደል ቆጥሬ አነበብኩት።

«ሐምራዊት?» አልኩ።

«ኦ ማይ ጋድ። ሀበሻ ነሽ!» አለች፤ ወዲያው አማርኛ ጀመረች። «እኔ አምስት ዓመቴ ነው የመጣሁት፤ ስቶን ማውንቴን ነው ያደግኩት። አንቺ የሳቸው ኬርጊቨር ነሽ?»

ልጄን በዕድሜ ብትበልጥ በጥቂት ነው። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አየች መሰለኝ፣ ምላሷን ነከሰች።

«ሶሪ። እርስዎ ነው አይደል? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች። ግን እርስዎ ስል ቨርቡ ሁሉ ይጠፋብኛል።»

«አንቺ በይኝ ልጄ። ብቻ ሣጥኑን አግኚልን።»

በሩን አየች። አልተሰበረም፤ በቁጥር የሚከፈት በር ነው። ከዚያ ተንበርክካ ነጩን ምንጣፍ በጣቷ ደባበሰች።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ግቢው ቀይ ጭቃ ነው። ምንጣፉን ማን ክሊን አደረገው?»

«ማንም አልነካውም።»

«ሚስተር ክሌይ እንኳ እዚህ ጋ ረግጧል፣ ይኸው ጭቃው። ከበሩ እስከ መደርደሪያው ግን ምንም የለም። ስለዚህ ሌባው ጫማውን አወለቀ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሌባ ጫማ ያወልቃል እንዴ? ፖሊስ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ አላየሁም።»

ሚስ ዊላ ከወንበራቸው ሆነው የሰሙትን ተናገሩ።

«እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ክሌይ ሲወጣ ሰማሁ። ቆይቶ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ እግሩ የማይሰማ ሰው ገባና ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከትምህርቷ የተመለሰች ውቢት መሰለችኝ። ‹ውዴ፣ ሣጥኑን ልትወስጂው ነው?› አልኩ። መልስ የለም። ብቻ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ከዚያ ሣጥኑ ከእንጨቱ ላይ ሲነሣ ሰማሁ።»

«ደነገጠ ማለት ነው» አለች ሐምራዊት እየጻፈች። «ቤቱ ባዶ መስሎት ነበር።» ጥቂት አሰበችና ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ግን የበሩን ኮድ የሚያውቅ ሰው፣ እሳቸው እዚህ እንዳሉ እንዴት አያውቅም? ሴንስ አይሰጥም» አለች።

ሚስተር ክሌይ ለአክስቱ የዓይን ጠብታ ሊገዛ ፋርማሲ ሄዶ እንደነበር ተናገረ። ማንም ሳይጠይቀው ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ። ሐምራዊት ፋርማሲው ደውላ በካሜራው አረጋገጠች። እውነቱን ነው፤ ሣጥኑ ሲወሰድ እሱ ቆጣሪው ፊት ቆሞ ነበር።

«ኮዱን ማን ማን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ። ሚስተር ክሌይ። ልጄ ኢዩኤልም፤ አንድ ቀን ቦርሳዬን ረስቼ ልኬዋለሁ።»

«ሌላ?»

«ሌላ የለም።»

ጓደኛዬን ደጊቱን ያላነሳኋት ሆን ብዬ ነው። በገና ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ አንድ ቀን ተክታኝ ሠርታለች፤ ኮዱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። ደጊቱ ግን ወረቀት የላትም። እኛ ዘንድ ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሀበሻ ሲገናኝ ጤና ከተጠያየቀ በኋላ የሚጠያየቀው ስለ ወረቀት ነው። ወረቀት የሌላትን ሴት ለፖሊስ ስሟን መጥራት ገፍቶ ገደል እንደ መስደድ ነው። ደግሞም ደጊቱ ናት። ከቸርቿ የእሑድ ፕሮግራም በኋላ እየቆየች የአማርኛውን ሀሁ ያስቆጠረችኝ፣ ከሰው ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ሳንቲም እንኳ የማታነሳ ሴት። እሷን ከሌባ ጋር በአንድ ሐሳብ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ነው መርማሪዋ ስለ ልጄ የጠየቀችኝ። እኔም ያልመለስኩላት።

*

ኢዩኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጎማ ቤት ይሠራል። የዚያን ዕለት ሲገባ ራቱን አቅርቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ማሚ፣ ነገርኩሽ እኮ። ሥራ።»

«ፖሊሷ ጎማ ቤት ሄዳ ጠይቃለች። ኦፍ ወስዶ ነበር ብለዋታል።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ዋት? ፖሊስ እዚያ ሄደች? ስሜን ጠራች?»

«የሚስ ዊላ ሣጥን ጠፍቷል። ኮዱን ታውቃለህ። የት እንደነበርክ ንገረኝ፣ አባቴ።»

«ሣጥን ምን ያደርግልኛል? አሮጌ ወረቀት!»

«ወረቀት እንደሆነ ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ! ሁልጊዜ ስለሱ አይደል የምታወሪው?» ተነሣ። «አልወሰድኩም። ትረስት አድርጊኝ። እስከ ማክሰኞ ብቻ ጠብቂኝ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ።»

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«ማሚ። ፕሊስ።»

ሻወር ገባ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር፤ በራ። እዚህ ያደጉት ልጆች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻጻፉት። ላነብ አልፈለግኩም። ዓይኔ ግን ክፍል ውስጥ እንደለመደው አንዱን ፊደል ከሌላው እያጋጠመ ሄደ። መልእክቱ ከጓደኛው ከፍፁም ነበር።

«ወረቀቱን አስረከብክ? እናትህ እንዳትሰማ።»

ማንም ሳያግዘኝ ከስልክ ላይ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው መልእክት ያ ነው።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስርቆት ከተፈረደበት ካርዱን ቀምተው ሊመልሱት እንደሚችሉ ከሰው ሰምቻለሁ። ይህ ልጅ የመጣው በሰባት ዓመቱ ነው። ወዴት ነው የሚመልሱት? እዚያ የሚቀበለው ሰው የለም፤ አያቱም ሞታለች። ሻወር ቤቱ ውስጥ ውኃው ሲቆም፣ በሩ ሲከፈት፣ አልጋው ሲንቋቋ አዳመጥኩ። የሰረቀ ሰው አተኛኘት የተለየ ይሆን ብዬ ትንፋሹን ሳዳምጥ አነጋሁ።

*

ሐምራዊት ሰኞ ተመለሰች። ዝናቡ አልቆመም። ሚስ ዊላ በወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እንዳይጨነቁ ብላ በአማርኛ አናገረችኝ።

«ሊስን፣ ውቢት። ኢዩኤል ሁለት ጊዜ ዋሽቶኛል። የት ነበርክ ስለው ፊቱ ይቀላል። እሱ ሐሙስ ሥራ ላይ እንዳልነበረ አሁን አንቺም ታውቂያለሽ፣ አይደል?»

መዋሸት አልቻልኩም። መለስኩላት።

ሚስ ዊላ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ ምርኩዛቸው ወደቀ። «እሱ ነው! ያ ትንፋሽ ነው! እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው!»

እኔ ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም። ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ ሌባው የገባ መሰለኝ። በሩ ዝግ ነው። ሐምራዊት ግን የምታየው እኔን ነበር።

«አሁን ያደረግሽውን እንደገና አድርጊው» አለችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«ስምሽ ውቢት ነው?»

«ህእ» አልኩ፤ ሁላችንም እንደምንለው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ።

«ይኸው!» አሉ ሚስ ዊላ። «ውቢት፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሐምራዊት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እናቴ ‹አዎ› የምትለው እንደዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ሳለሁ ጓደኞቼ እናትሽ አስም አለባት ወይ ይሉኝ ነበር። እንዴት ረሳሁት?» ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ፦ «ሚስ ክረንሾ፣ ሐሙስ የመጣው ሰው አልደነገጠም። ጥያቄዎን ነው የመለሰው። ‹አዎ› ነው ያለዎት።»

ሚስ ዊላ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። «ልትወስጂው ነው ስል፣ አዎ አለኝ?»

«አዎ ነው ያለው። በእኛ ቋንቋ።»

እኔ ለሚስ ዊላ ሁልጊዜ «የስ፣ ማም» እላለሁ፤ አስተማሪዬ አጥብቃ ያስለመደችኝ ነው። ትንፋሹ የሚመጣብኝ በአማርኛ ሳወራ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ እንደነበርኩ ሐምራዊት አስቀድማ ከአስተማሪዬ ጠይቃለች። ስለዚህ እኔ አይደለሁም። ግን ከእኛው ሰው አንዱ ነው።

«ኢዩኤል እንደዚህ ይላል?» አለችኝ።

«አይልም!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ወጣ። «እሱ ‹ያ› ነው የሚለው። እንደዚህ ስል ራሱ ይስቅብኛል። በሕይወቱ ብሎ አያውቅም!»

«አምንሻለሁ። እኔም አልልም። ግን ይህ የእናት ቃል ነው፤ አለቃዬ ይስቅብኛል። ወረቀት ላይ ያለኝ ኮዱን የሚያውቅና የሚዋሽ ልጅ ነው።» ወደ እኔ ተጠጋች። «ውቢት። ኮዱን የሚያውቅ ሌላ ሀበሻ አለ?»

ትንፋሼን ያዝኩ። ወደ ውስጥ ከሳብኩት መልስ ይሆናል።

ጠበቀችኝ። እኔ አልተነፈስኩም። በመጨረሻ ቦርሳዋን አነሣች።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሚስተር ክሌይም እዚህ እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ስም ከሰጠሽኝ ጥሩ። ካልሰጠሽኝ ከዚህ በቀጥታ ኢዩኤልን ለመያዝ ነው የምሄደው። አይም ሶሪ።»

*

ከሥራ እንደወጣሁ ቻምብሊ ሄድኩ። ደጊቱ የምትኖረው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ ነው። በሯን ከፈተችልኝ፤ እንደ ወትሮው ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ደፉ ሥር ጫማዎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ከጥቁሩ ጫማዋ ሶል ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል።

«ውቢቴ፣ ምነው ሳትደውዪ? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ሳልቀመጥ ጠየቅኳት። «የሚስ ዊላን ሣጥን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

ደጊቱ አየችኝ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

የሆነ ነገር ብትለኝ፣ ብትምልልኝ፣ ምነው አብደሻል ብትለኝ ብዬ ስመኝ ነው መንገዱን ሁሉ የመጣሁት።

«ክሌይ ደወለልኝ» አለች። «ያኔ ተክቼሽ ስሠራ ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። አክስቴ ሣጥኑን ለእኔ ሰጥታኛለች፣ እኔ ሳወጣው ግን ሆዷ ይባባል፣ አንቺ አውጪልኝና ከመንገዱ ታች አቀብዪኝ አለኝ። ኢሚግሬሽን የሚሠራ ጠበቃ ዘመድ አለኝ፣ የወረቀትሽን ነገር አነጋግርልሻለሁ አለ። እኔ ምን ልበል? የቤተሰቡ ሰው እኮ ነው!»

«ደጊቱ፣ የሰው ዕቃ—»

«የሰው ዕቃ ምን? ሰርቄ ነው? ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት። ሴትዮዋ ጠየቁኝ፤ ልትወስጂው ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው! ዝም አሉ፣ ፈቀዱ ብዬ ይዤ ወጣሁ።»

«አልሰሙሽም። የደነገጠ ሰው ነው የመሰላቸው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አዎ አልኳቸው እኮ» አለች በጣቶቿ መካከል።

«ኋላ ግን ሰማሽ። ፖሊስ እንደመጣ እኔው ነግሬሻለሁ።»

«ሰማሁ።»

«ኢዩኤልን እንደጠረጠሩትም ነግሬሻለሁ። በስልክ አልቅሼልሻለሁ፣ ደጊቱ። ‹አይዞሽ፣ እጸልያለሁ› አልሽኝ።»

«እሱ ወረቀት አለው አልኩ» አለች። «ወረቀት ያለውን ምን ያደርጉታል? ቢበዛ ጠይቀው ይለቁታል። እኔን ግን ስሜን እንደጻፉ ነው የሚልኩኝ። ጌታ ያውቃል፣ ልጅሽን ልጎዳ ብዬ አይደለም።»

ልመታት ፈለግኩ። ላቅፋትም ፈለግኩ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

«ነገ ጠዋት ስምሽን እነግራታለሁ» አልኳት። «ዳላስ ዘመድ አለሽ። መሄድ ከፈለግሽ እስከዚያ ነው።»

ጫማዬን ሳላስር ክሩን እየጎተትኩ ወጣሁ።

*

ጠዋት ስደውልላት ስልኳ ተዘግቷል።

ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ደጊቱ ከሄደች ማን ያምነኛል? ልጇን ለማዳን የሌለች ሴት ስም ጠራች ይሉኛል። ልጄን የሚያወጣውን አንድ ሰው በገዛ አፌ ሂጂ ብዬ ሸኘሁት።

ሐምራዊት መጣች። ሚስተር ክሌይ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሚስ ዊላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈዋል።

«እሺ፣ ውቢት» አለች ሐምራዊት። «ስም?»

አፌን ስከፍት የበሩ ቁጥር ሲነካ ተሰማ። ቲት፣ ቲት፣ ቲት። በሩ ተከፈተ። ደጊቱ ናት፤ ፀጉሯ በዝናብ በስብሷል። ደፉ ላይ ቆማ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ጫማዋን አወለቀች። ሐምራዊት ባዶ እግሯን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ክሌይ አዞረች።

«ሚስተር ክሌይ፣ እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?»

«አይቻቸው አላውቅም።»

ደጊቱ ስልኳን አውጥታ አንድ ጊዜ ነካችው። ከሚስተር ክሌይ ኮት ውስጥ ሙዚቃ ጮኸ። እሱ ኪሱን በእጁ ጨፈነው፤ ሙዚቃው ግን አልቆመም።

«ያንሡት እንጂ» አለችው ሐምራዊት።

ደጊቱ ምንጣፉን ተሻግራ ሚስ ዊላ ፊት ቆመች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጥላዋ አነሡ።

«ማነሽ?» አሉ። «ሣጥኔን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

ደጊቱ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ «የስ፣ ማም» አለች። «ለእሱ ነው የሰጠሁት።»

ሚስ ዊላ ሲናገሩ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። «ክሌይ፣ ለመሸጥ ነው?»

«አክስቴ፣ ለቤተ መጻሕፍት በነፃ ልትሰጪው ነበር! ገዢ አግኝቼ ነበር! ማንም የማያነበውን—»

«ጌታው፣ ይነሡ» አለች ሐምራዊት።

ሣጥኑ ያን ዕለት ከሚስተር ክሌይ ቤት፣ ከገና ጌጥ ካርቶን ሥር ተገኘ። ሐምራዊት እሱን ለሌላ ፖሊስ አስረክባ ስትመለስ ሚስ ዊላ ደጊቱን አጠገባቸው አስቀምጠዋት ነበር።

«እኔ ጠየቅኳት፣ እሷም እውነቱን ነገረችኝ» አሉ። «መልሷን ያልሰማሁት እኔ ነኝ። እሷን አልከስም። በእሱ ላይ ግን አንቺ የሥራሽን አድርጊ።»

«ስሟን ምስክር ብዬ መጻፌ አይቀርም» አለች ሐምራዊት። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ፦ «ስለ ወረቀት ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

*

ኢዩኤል ከሥራ ሊወስደኝ መጣ። መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሣጥኑ ተገኝቷል» አልኩት። «ማንም አይፈልግህም።»

ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። «ታንክ ጋድ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። የት ነበርክ?»

«ሜዲካል። አለፍኩ።» ቀና አለ፤ ግን አላየኝም። «አርሚ ልገባ ነው፣ ማሚ። ሐሙስ ሪክሩተሩ ጋ ሄጄ ወረቀቶቼን አስረከብኩ። ፖሊስ ደውላ ስለኔ ከጠየቀቻቸው ፋይሌን ይዘጉታል፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።»

«ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«እምቢ ትያለሻ! አፍጋኒስታን በቲቪ ሲመጣ ቻናል የምትቀይሪ ሴት ነሽ። ዕድሜ ልኬን ጎማ ልቀይር?»

ልጄ አልሰረቀም። ሦስት ቀን ሌባ ይሆን ብዬ ትንፋሹን ያዳመጥኩት ልጅ አልሰረቀም። ግን ፖሊሷ ይዛው ቢሆን ኖሮ አርሚው አይወስደውም ነበር። ስሙን ከስርቆቱ አጽድቼ ለአርሚው ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

«ማሚ፣ በይ የሆነ ነገር በይ።»

«ቀበቶህን እሰር» አልኩት።

እስከ ሰኔ ለመንኩት። ካህን አመጣሁበት፤ ሚስ ዊላን እንኳ እንዲያናግሩት ጠየቅኳቸው፤ አናግረውት ሲያበቁ «ልጁ ወስኗል» አሉኝ። ሣጥኑን የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች መጥተው ተረከቡ። ሚስተር ክሌይ ዳግመኛ በዚያ በር አልገባም።

ደጊቱ ዳላስ አልሄደችም። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ክፍል ስገባ ከሚስ ዊላ ጋር የምትቀመጠው እሷ ናት። ኢዩኤል በሰኔ ሄደ።